ውኃው ከየት ተቀዳ?
(ስለ ማወቅና ስለ መምሰል)

መግቢያ



ባለፈው ዓመት፣ የሶማሌ ወገኖቻችን «ጅላል» በሚሉት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት፣ በሰፈራችን ሦስት ሕፃናት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሆዳቸውን ታመሙ። የጅጅጋን ኑሮ የቀመሰ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቧንቧ በማይደርስበት ወይም በሚቋረጥበት ሰፈር ውኃ በጀሪካን ተሞልቶ በአህያ ጋሪ እየዞረ ይሸጣል። ለእኛ ሰፈር ውኃ የሚያመጡልን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም «አዴር» እንላቸዋለን፤ በሶማልኛ አጎት ማለት ነው።

ሕፃናቱ በታመሙ በሦስተኛው ቀን ወሬ ተነሣ። «ሽማግሌው ውኃውን የሚቀዱት ከቦኖ አይደለም፤ ከብት ከሚጠጣበት ከቆሸሸ ብርካ ነው» ተባለ። ብርካ ማለት የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ትልቅ ጉድጓድ ነው። ወሬውን መጀመሪያ ማን እንዳመጣው የጠየቀ አልነበረም። እኛም ከጉባኤ ስንወጣ ሰማነው፤ ለእናቶቻችን ነገርን፤ እናቶቻችንም ለጎረቤት ነገሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የአዴር ጋሪ ሙሉውን መጥቶ ሙሉውን የሚመለስ ሆነ። እኛም ይህን አይተን «እሰይ፣ ሰው ነቃ» አልን።

ከዚያ በኋላ ከመካከላችን አንዱ ጎህ ሲቀድ ወደ መናኸሪያ ሲሄድ አዴርን ከቦኖው ወረፋ ላይ ቆመው አያቸው። ሲነግረን አላመንነውም። በማግሥቱ ሦስት ሆነን ሄድን፤ በሦስተኛውም ቀን ተመልሰን ሄድን። አዴር ጀሪካናቸውን በሳሙና አጥበው፣ ከፍለው፣ ሰው ሁሉ ከሚቀዳበት ከዚያው ቦኖ ይቀዳሉ። ቦኖውን የምትጠብቀውን ሴት ብንጠይቃት «እርሳቸውማ ከሁሉ ቀድመው የሚመጡ ደንበኛዬ ናቸው» አለችን። ሕፃናቱን ያሳመማቸው ምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ውኃው ከየት እንደ ተቀዳ ግን ታወቀ።

ወደ አዴር ቤት ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ምን እንዳሉን በመጨረሻ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን ለብዙ ቀን እንቅልፍ የነሣንን ጥያቄ እናቅርብ። እኛ ሐሰት አልተናገርንም ነበር። ሐሰተኛ ማለት እውነቱን እያወቀ የሚደብቅ ነው። እኛ «እናውቃለን» ስንል ከልባችን ነበር። ታዲያ የማያውቅ ሰው ዐውቃለሁ ብሎ ከልቡ ሲናገር የያዘው ነገር ምንድን ነው? ማወቅና የሚያውቅ መምሰልስ በምን ይለያሉ?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከዛሬ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት የግሪክ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ጥያቄ ነው። እነርሱ የደረሱበትን ከእኛው አገር ውኃና መንገድ ጋር እያመዛዘንን እንመልከት።

1. ሁሉ ነገር ውኃ ነውን?

የግሪክ ፈላስፎች ሲቆጠሩ መጀመሪያ የሚነሣው ታሌስ ነው። የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት፣ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ጠረፍ በነበረችው በሚሊጢን ከተማ ነው። የሁሉ ነገር መሠረት ውኃ ነው ብሎ ያስተምር ነበር።

በጅጅጋ ሜዳ ያደገ ሰው በታሌስ ለመሳቅ አይቸኩልም። በጅላል ምድሩ ሞቶ፣ ሣሩ አመድ መስሎ ይከርማል። በሚያዝያ ገደማ የ«ጉ» ዝናብ ሲወርድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሜዳው ሁሉ ይለመልማል። ይህን ያየ ሰው የሕይወት ሁሉ ምንጭ ውኃ ነው ቢል አያስደንቅም። የሆነ ሆኖ የታሌስ መልስ ትክክል አልነበረም። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ እንደሚያውቀው ውኃ ራሱ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው።

ታዲያ መልሱ ከተሳሳተ ስሙ ለምን አልተረሳም? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለዐይን ከሚታየው ልዩ ልዩ ነገር በስተጀርባ በእውነት ያለው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛ፣ ሐሳቡን ሌላው ሊመረምረውና ሊቃወመው በሚችልበት መንገድ አቀረበው። የአገሩ ልጅ አናክሲማንደር «ውኃ ሊሆን አይችልም» ብሎ ምክንያቱን ሰጠ። ከእርሱ በኋላ የመጣው አናክሲሜነስ ደግሞ መሠረቱ አየር ነው አለ። አንዱ የተናገረውን ሌላው እየመረመረ ዕውቀት መንገድ ጀመረ።

ወሬ ግን እንዲህ አይደለም። ወሬ ባለቤት ስለሌለው የሚጠየቅ ሰው የለውም። «ተባለ» የሚል ግሥ እንጂ «እኔ አየሁ» የሚል አፍ የለውም። እንግዲህ የመጀመሪያውን ልዩነት እዚህ ላይ እናገኛለን። ዕውቀት ቢጠይቁት ይቆማል፤ ወሬ ግን ሲጠይቁት ወደ ሌላ ሰው ይሸሻል።

2. ወንዙ የት ነው ያለው?

ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚመጣ መንገደኛ ባቢሌን አልፎ፣ የካራማራን ተራራ ከመውጣቱ በፊት የፋፈንን ወንዝ ይሻገራል። በዝናብ ወራት ደራሽ የሚወርድበት ወንዝ ነው። በጅላል ቢመጣ ግን የሚያየው ሰፊ የአሸዋ መንገድ ብቻ ነው።

የኤፌሶኑ ሄራክሊተስ ሰው ወደ አንድ ወንዝ ሁለት ጊዜ ቢገባ ሁለተኛው ውኃ የመጀመሪያው አይደለም፣ ሁሉ ነገር እንደዚሁ በመለወጥ ላይ ነው ብሎ አስተማረ። በደቡብ ኢጣሊያ የነበረው ፓርሜኒደስ ደግሞ ተቃራኒውን ያዘ። በእውነት ያለ ነገር አይለወጥም፤ የሚለወጥ የሚመስለን ስሜቶቻችን ስለሚያታልሉን ነው፤ እውነትን የሚያገኝ ማሰብ ብቻ ነው አለ። ከእነዚህ ከሁለቱ ክርክር የተነሣ «ያለው» እና «የሚታየው» የሚል መለያየት በፍልስፍና ውስጥ ጸና።

ይህን ክርክር ወደ ፋፈን ዳር እናምጣው። እንግዳ ሰው በጅላል መጥቶ «እዚህ ወንዝ የለም» ይላል። ዐይኑ ያየው አሸዋ ነውና አልዋሸም። በካርታ የሚያውቀው ሰው ደግሞ «ስሙ ወንዝ ስለ ሆነ ወንዝ አለ» ይላል። ከብት ጠባቂው ግን ከሁለቱም ጋር አይከራከርም። ወደ አሸዋው ወርዶ በእጁ ይቆፍራል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውኃ ያገኛል፤ ከብቱንም ያጠጣል። ውኃው ከአሸዋው በታች ነበረ።

ዐይን ብቻውን አልበቃም፤ አሸዋ ብቻ አየ። ማሰብም ብቻውን አልበቃም፤ አሸዋው ውስጥ ውኃ አለ ብሎ የሚያስብ ሁሉ የት ቦታ መቆፈር እንዳለበት አያውቅም። ከብት ጠባቂው ያያል፣ ያስባል፣ ደግሞም ይቆፍራል። ለማወቅ የሚያስፈልገው ድካም ይህ ነው። እኛ ስለ አዴር ውኃ ስንናገር ያልደከምነው ይህንኑ ድካም ነው። ቦኖው ከቤታችን የሩብ ሰዓት መንገድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ከጅጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ በቀትር የተጓዘ ሰው፣ ከፊት ለፊቱ መንገዱ ላይ ውኃ የተኛ መስሎ ሲያንጸባርቅ ያያል። ሲቀርቡት ይርቃል። ብዙ ጊዜ «ዐይናችን ዋሸን» እንላለን። ነገር ግን ዐይን አልዋሸም። በጋለው ምድር ላይ ያለው ሞቃት አየር ብርሃኑን ስለሚያጎብጠው የሰማዩ ብርሃን ከምድር የመጣ መስሎ ይታያል። ብርሃኑ በእውነት እንደዚያ ወደ ዐይናችን መጥቷል። «ውኃ ነው» ብሎ የፈረደው ግን ዐይን ሳይሆን እኛ ነን። በእኛም ነገር እንዲሁ ሆነ። ሕፃናቱ መታመማቸው እውነት ነበረ። ሽማግሌው ውኃ መሸጣቸውም እውነት ነበረ። ሁለቱን እውነቶች በአንድ ገመድ ያሰረው ግን የእኛ ፍርድ ነው።

3. እውነት እንደየሰዉ ነውን?

በዚህን ጊዜ አንዳንድ ወጣቶች የሚያነሡት ክርክር አለ። «እውነት እንደየሰዉ ነው፤ ለእኔ እውነት የሆነው ለእኔ እውነት ነው» ይላሉ። ይህንንም ቢሆን ግሪኮች ቀድመው ተናግረውታል። ከአብዴራ ከተማ የመጣው ፕሮታጎራስ የነገር ሁሉ መለኪያ ሰው ራሱ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ያው ነፋስ ለአንዱ ይቀዘቅዛል፣ ለሌላው አይቀዘቅዝም፤ እንግዲህ ለእያንዳንዱ እንደ ተሰማው ነው ይላል።

ይህ አባባል በውኃ ጣዕም ላይ ትክክል ይመስላል። በሐርሺን ወይም በቀብሪ በያህ አካባቢ የብርካ ውኃ እየጠጣ ያደገ ሰው «እንደ ብርካ ውኃ የሚጣፍጥ የለም» ይላል። ከመሐል አገር የመጣ እንግዳ ደግሞ አንድ ጊዜ ቀምሶ ይመልሰዋል። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። የፕሮታጎራስ የአገር ልጅ ዲሞክሪተስም ጣፋጭና መራራ የሚባለው በሰው ዘንድ ያለ ነው፤ በእውነት ያሉት ለዐይን የማይታዩ ደቂቅ ነገሮችና ባዶ ስፍራ ናቸው ብሎ ነበር።

ሆኖም አፍላጦን (ፕላቶ) «ቴኤቴተስ» በተባለው መጽሐፉ ሶቅራጥስን እያናገረ ይህን ሐሳብ ሲመረምረው ድካሙን ያሳያል። የሰው ሐሳብ ሁሉ እውነት ከሆነ፣ «ፕሮታጎራስ ተሳስቷል» የሚለውም ሐሳብ እውነት ሊሆን ነው። ደግሞም አንድ ሰው ነገ ትኩሳት ይይዘኛል ቢል፣ ሐኪሙም አይይዝህም ቢለው፣ ነገ ከሁለቱ የአንዱ ብቻ ይደርሳል። እንግዲህ የውኃው ጣዕም እንደየሰዉ ይሁን። ውኃው ውስጥ በሽታ አምጪ ተሐዋስያን መኖራቸውና አለመኖራቸው ግን እንደየሰዉ አይደለም። አዴርም የቀዱት ከቦኖ ነው ወይስ ከብርካ? ይህ «ለእኔ» እና «ለአንተ» የሚባልበት ነገር አይደለም። የአንድ ሰው እንጀራ ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

4. መንገዱን የሄደና መንገዱን የሰማ

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ደረስን። ሶቅራጥስ በአቴና አደባባይ እየዞረ ባለሥልጣኑን፣ ባለ ቅኔውንና የእጅ ሞያተኛውን ይጠይቅ ነበር። ብዙዎቹ የማያውቁትን የሚያውቁ እየመሰላቸው አገኛቸው። እርሱ ከእነርሱ የሚበልጠው አለማወቁን በማወቁ ብቻ እንደ ሆነ ተረዳ።

አፍላጦን «ሜኖ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ሶቅራጥስ ላሪሳ ወደምትባል ከተማ ስለሚወስድ መንገድ ምሳሌ ይሰጣል። እኛ ምሳሌውን ከጅጅጋ ወደ ቀብሪ በያህ በሚወስደው መንገድ እንተካው። ሁለት መሪዎች አሉ እንበል። አንደኛው መንገዱን ደጋግሞ ሄዶበታል። ሁለተኛው ሄዶበት አያውቅም፤ ግን ከሰው በትክክል ሰምቷል። ሁለቱም የሚመሩት ሰው ቀብሪ በያህ ይደርሳል። ታዲያ የሚያውቀው ሰው ከሚመስለው ሰው በምን ይበልጣል?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሶቅራጥስ የሰጠው መልስ፣ እውነተኛ ግምት ካልታሰረ ይሸሻል የሚል ነው። ዴዳሉስ የሚባል ጠቢብ ሠራቸው የሚባሉትንና ካልታሰሩ ሌሊት ይኮበልላሉ እየተባለ የሚወራላቸውን ሐውልቶች ምሳሌ አደረገ። ግምትን የሚያስረውም ገመድ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ለሚለው የሚሰጠው ምክንያት ነው አለ።

በእኛ አገር ሐውልት አያስፈልገንም። ግመል ያለው ሰው ሲያመሽ የግመሉን የፊት እግር በገመድ ይጠፍራል። ያልተጠፈረ ግመል ማታ የአንተ ነው፤ ሲነጋ የት እንዳለ አታውቅም። ከሰው የሰማነው እውነትም እንዲሁ ነው። መንገዱን ሰምቶ የሚመራ ሰው መሐል መንገድ ላይ ሌላ ሰው «ተሳስተሃል፣ በዚህ አይደለም» ቢለው ይመለሳል። የሄደበት ሰው ግን «ይህችን ጉብታ ዐውቃታለሁ፤ ከእርሷ በኋላ ሜዳ ነው» ብሎ ይቀጥላል። ዕውቀቱ ታስሯልና ነፋስ አይወስደውም።

በቴኤቴተስ መጽሐፍ ደግሞ አንድ ሌላ ምሳሌ አለ፤ እርሱም ስለ ፍርድ ቤት ነው። በአቴና ተከራካሪው የሚናገርበት ጊዜ በውኃ ሰዓት ይለካ ነበር። ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላው ዕቃ ውኃው ተንጠባጥቦ ሲያልቅ ንግግሩም ያልቃል። ዳኞቹ ወንጀሉ ሲፈጸም አላዩም። በንግግር ብቻ ተረትተው ትክክለኛ ፍርድ ሊፈርዱ ይችላሉ። ቢሆንም የያዙት እውነተኛ ግምት ነው እንጂ፣ ያየው ሰው ያለው ዕውቀት የላቸውም።

ሶቅራጥስ ራሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት በእንዲህ ያለ ሸንጎ ፊት ቆሞ ሞት ተፈረደበት። በመከላከያ ንግግሩ ከፊቱ ከቆሙት ከሳሾች ይልቅ ስም የሌላቸውን የቆዩ ከሳሾቹን እንደሚፈራ ተናግሯል። እነዚህ ለብዙ ዓመታት ስለ እርሱ ሲያወሩ የኖሩና ስማቸው የማይታወቅ ናቸውና፣ ተጠርተው ሊጠየቁ አይችሉም። ይህን ስናነብ ደነገጥን። ለሶቅራጥስ እንኳ የሚናገርበት የውኃ ሰዓት ተሰጥቶት ነበር። ለአዴር እኛ ምን ሰጠናቸው? አልጠራናቸውም፣ አልጠየቅናቸውም፣ አልሰማናቸውም።

5. ታዲያ ያልሄድንበትን ሁሉ አናውቅምን?

አንድ ወንድም በውይይታችን ላይ እንዲህ ሲል ጠየቀ። «ሁሉን በዐይናችን ካላየን አናውቅም ካልን፣ የምናውቀው ምን ይቀራል? አቴናን አላየንም። የተወለድንበትን ቀን እንኳ የነገሩን እናቶቻችን ናቸው።» ጥያቄው ተገቢ ነው። ከምናውቀው የሚበዛው ከሰው የተቀበልነው ነው። መስማት ጥፋት ቢሆን ኖሮ ትምህርት ቤት ሁሉ ይዘጋ ነበር።

ስለዚህ የተሰማም ነገር ቢሆን ይታሰራል ብለን እናምናለን። የሚታሰርባቸውም ገመዶች ጥቂት ናቸው። የተናገረው ማን ነው? እርሱ ራሱ አይቷልን? ተመልሶ ሊጠየቅ ይችላልን? ነገሩ እንዳይሆን የሚፈልግ ሰው ጭምር ይመሰክርለታልን? የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ የሆነውን እኛ አላየንም። ግን ያዩ ሽማግሌዎች አሉ፤ ይጠየቃሉ፤ የአንዱ ምስክርነት ከሌላው ጋር ይመሳከራል፤ በሁለቱም ወገን የተጻፈ አለ። ይህ የታሰረ ግመል ነው።

የግሪክ ጥበብ ወደ አገራችን የመጣበትም መንገድ ይህንኑ ያስተምረናል። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ በግሪክኛ ይጽፉ ነበር። ስለ እንስሳት ጠባይ የሚናገረው ፊሳልጎስም ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1510 እና በ1522 መካከል አባ ሚካኤል የተባሉ ሰው የፈላስፎችን አባባል የያዘ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። ይህም መጽሐፈ ፈላስፋ የሚባለው ነው። የዐረብኛው ምንጭ ደግሞ በባግዳድ ይኖር የነበረውና እ.ኤ.አ. በ873 ያረፈው ክርስቲያኑ ሊቅ ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ ካሰባሰበው የተገኘ ነው።

እንግዲህ የሶቅራጥስና የአፍላጦን ስም ወደ አባቶቻችን የደረሰው የጎረቤቶቻችን ልጆች ዛሬ በየዱግሲው በሚማሩት ቋንቋ በኩል ነው። ውኃው ከሩቅ ምንጭ ተቀድቶ በብዙ እጅ አልፏል። በመንገድም ተጨምሮበታል፤ በመጽሐፉ ውስጥ በፈላስፎች ስም ከተጻፈው አባባል ሁሉ በእርግጥ የእነርሱ ያልሆነም አለ። ይህን መመርመር መጽሐፉን መናቅ አይደለም። ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ይህንና ሌሎች የኢትዮጵያ የፍልስፍና ጽሑፎችን መርምረው በብዙ ጥራዝ ማሳተማቸው ከፍቅር የተነሣ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ እ.ኤ.አ. በ1667 በኢትዮጵያዊ ፈላስፋ እንደ ተጻፈ ይናገራል። ጽሑፉ የታወቀው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ኢጣሊያዊ መነኩሴ እጅ ነው። ስለዚህ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ጸሐፊው መነኩሴው ራሱ ነው ብሎ ተከራከረ። ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ማስረጃ አቀረቡ። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። ብዙዎቻችን አገራችንን ስለምንወድ አንደኛውን ወገን «እናውቃለን» ብለን እንይዛለን። ግን መውደድ ገመድ አይደለም። የወደድነው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ እውነት የሚሆነው ስለ ወደድነው ግን አይደለም። በጠላነውም ላይ እንዲሁ ነው።

6. «ሁሉም» የሚለው ቃል

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ የከበደን ነው። በሐምሌ ወር መጨረሻ 2010 ዓ.ም. በከተማችን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትና ሌሎች ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሸ። ይህ የታወቀ ነው፤ ምስክር አለው። ከዚያ በኋላ ግን በአፋችን ውስጥ አንዲት ቃል ተቀመጠች፤ እርሷም «ሁሉም» የምትል ናት። «ሁሉም እንደዚሁ ናቸው» እንላለን።

እስቲ ይህችን ቃል እንደ ሶቅራጥስ እንጠይቃት። ያየነው ማንን ነው? ጥቂት ሰዎችን። «ሁሉም»ን ያየ ዐይን አለን? የለም። «ሁሉም»ን ማንም አይቶ አያውቅም፤ አእምሯችን ካየው ጥቂት ተነሥቶ የጨመረው ነው። ቁስላችን እውነተኛ ነው፤ ከቁስሉ ያወጣነው ፍርድ ግን መንገድ ላይ እንደሚያንጸባርቀው ውኃ ነው።

እውነቱን እንናገር። የአዴርን ወሬ ያለ ጥያቄ የተቀበልነው ለምን ነበር? ውኃ የሚሸጠው ሰው የእኛው ዘመድ ቢሆን ኖሮ «ቆይ፣ ሄደን እንጠይቀው» አንልም ነበርን? እንል ነበር። ወሬው የቀለለን አስቀድመን በልባችን ቦታ ስላዘጋጀንለት ነው። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። ሰው የማያውቀውን ዐውቃለሁ የሚለው ብዙ ጊዜ ከአእምሮ ድካም የተነሣ አይደለም፤ ማወቅ የማይፈልገው ነገር ስላለ ነው። ግሪኮቹ አለማወቅን በሽታ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሽተኛው እንደ ታመመ አያውቅምና።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው ማወቅ ማለት መስማት ብቻ፣ ማየትም ብቻ፣ ማሰብም ብቻ አይደለም። የሰሙትንና ያዩትን በምክንያት አስሮ፣ ሲጠየቁ መልስ መስጠት ነው። ያልታሰረውን ደግሞ «ይመስለኛል» ብሎ በስሙ መጥራት ነው። «ይመስለኛል» የተናቀ ቃል አይደለም። ብንጠቀምበት ኖሮ የአንድ ሰው እንጀራ ይተርፍ ነበር።

አሁን ወደ አዴር እንመለስ። ወደ ቤታቸው በሄድን ጊዜ ከአህያቸው አጠገብ ተቀምጠው የጋሪውን ጎማ ይጠግኑ ነበር። ያደረግነውን ሁሉ ነገርናቸው፤ ከቦኖው አጠገብ ቆመን እንዳየናቸውም ነገርናቸው። ብዙ ዝም አሉ። ይሰድቡናል ብለን ነበር። በመጨረሻ በአማርኛ እንዲህ አሉን።

«ልጆቼ፣ አሁን ያያችሁትን ያን ጊዜም ማየት ትችሉ ነበር። ቦታው ሩቅ አይደለም።»

ሌላ አልጨመሩም። ሻይ አስቀርበው አጠጡን። እኛም በየቤቱ ዞረን ወሬውን ያስተላለፍንበትን ደጃፍ ሁሉ እያንኳኳን «የነገርናችሁ ነገር ሐሰት ነበር፤ እኛም አላየንም ነበር» አልን። ይህ ወሬውን ከማውራት ይልቅ ብዙ ጊዜ ፈጀ። አንዳንዱ አመነን፤ አንዳንዱም «እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም» ብሎ መለሰን። ከአዴር ደንበኞች የተመለሱት ሁሉም አይደሉም። ወሬ ሲሄድ በክንፍ ነው፤ ሲመለስ ግን በእግሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ በጉባኤያችን አንድ ልማድ ጀምረናል። አንድ ሰው ስለ ሌላው ክፉ ነገር ይዞ ሲመጣ፣ ስለማንም ይሁን ስለማን፣ ከመካከላችን አንዱ «ውኃው ከየት ተቀዳ?» ይላል። ያየ ሰው ካለ ይናገራል። ያየ ከሌለ ነገሩ እዚያው ይቆማል፤ ወይም ሁለት ሰዎች ተመርጠው ሄደው ይጠይቃሉ። ይህን ልማድ እናንተም በየአጥቢያችሁ ብትጀምሩት መልካም ነው እንላለን። ብዙ ጊዜ ቦታው ሩቅ አይደለም።